ጠፋ እንጂ አልተዘጋም

ኬንያዊ ኢንተርኔት ሲቋረጥበት መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው አምፖሉን ነው። «ስቲማ ሄደ እንዴ?» ይላል፣ መብራቱን ማለቱ ነው። መብራት ካለ ራውተሩን ነቅሎ መልሶ ይሰካል፤ እምቢ ካለው ለድርጅቱ ደውሎ አፉ እንዳመጣለት ይናገራቸዋል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። እኛ እንደዚያ አይደለንም። እኛ መጀመሪያ እርስ በርሳችን እንተያያለን። ከአገር ከወጣን ስንት ዓመታችን፣ ልጆቻችን በስዋሂሊ የሚሰዳደቡብን ሰዎች፣ የቢሮው ዋይፋይ ሲቆም ሆዳችን ይፈራል።

ለዚህ ሁለት ቃል አለን። «ጠፋ» ካልን ዕቃ ተበላሽቷል፤ ሰው ይጠራል፣ ይሠራል፣ ያልፋል። «ተዘጋ» ካልን ግን የዘጋው ሰው አለ ማለት ነው። የሆነ ቦታ የሆነ ነገር እየተደረገ ነው፣ እንድናየውም አልተፈለገም። ይህን ልዩነት ለናይሮቢ ጓደኞቼ ለማስረዳት ስንቴ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ራሳቸውን በትሕትና ነቅነቅ ያደርጉልኝና «ነቅለህ ሰክተኸዋል?» ይሉኛል።

ቢሮአችን ሁርሊንግሃም ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሥሩ የሐበሻ ምግብ ቤት ያለበት ፎቅ ላይ። ሥራችን ማስተርጎም ነው። ጊጊሪ ያለ አንድ ትልቅ ቢሮ ስደተኞችን ሲያነጋግር በቪዲዮ ይጠራናል፤ እኛ መሃል ገብተን አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እንመልሳለን። የሰው ምስጢር ስለሆነ በተራ ኢንተርኔት አይሠራም። ለዚህ ብለው አንድ ጥቁር ሣጥን ሰጥተውናል፣ ቪፒኤን ራውተር የሚሉት። ከቢሮአችን የሚወጣው ነገር ሁሉ በእሱ በኩል ተሸፋፍኖ፣ ሩቅ አገር ያለ የእነሱ ማሽን ጋ ደርሶ፣ ከዚያ ነው ወደ ዓለም የሚገባው። ሣጥኑ ከቆመ የሥራው ቪዲዮም፣ የየግል ስልካችን ዋይፋይም አብሮ ይቆማል።

ሣጥኑን እንድጠብቅ የተፈረደብኝ እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ የኮምፒውተር ትምህርት ጀምሬ ማቋረጤን አንድ ቀን በአፌ አምልጦኝ ተናገርኩ፣ ከዚያ ወዲህ «ኢንጂነራችን» ሆኜ ቀረሁ። ማሽን እንደማልወድ፣ ማሽንም እንደማይወደኝ ብናገር የሚሰማኝ የለም።

ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ከሁላችን የተሻለች አስተርጓሚ ናት። እናቷ አገር ቤት፣ ስሟን መጥራት በማልፈልጋት አንዲት ትንሽ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። በየጠዋቱ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። ልጅቷ ቢሮ ገብታ ስልኳ ዋይፋዩን ሲያገኝ መልእክቱ ይገባል፣ እሷም ድምፁን ከፍ አድርጋ ትከፍተዋለች፣ እኛም ሥራችንን እየጀመርን አብረን እንሰማለን። «ጌታ ይመስገን ደህና አድሬያለሁ። አንቺስ? ምግብ በልተሽ ውጪ። ሥራሽን ይባርክልሽ።» ከዚያ የጎረቤት ወሬ ይከተላል፤ ማን ወለደች፣ የማን በግ ጠፋ፣ የጸሎት ቤቱ ጣሪያ እንዴት እንደሚያፈስ። በአካል አይቻቸው አላውቅም፣ ድምፃቸውን ግን ከራሴ አክስቶች ድምፅ ይበልጥ አውቀው ነበር።

ያን ሰሞን ግን ወሬው እያጠረ መጣ። አካባቢያቸው ደፍርሷል ይባላል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ «ነይ፣ እኔ ጋ ሁኚ» ብሎ ለምኗቸው ቤቴን ለማን ጥዬ ብለውታል። የጎረቤት ስም ከመልእክቱ ውስጥ አንድ በአንድ ወጣ፣ ስለ በጉም ስለ ጣሪያውም የሚወራ ነገር ቀረ። ሣጥኑ በቆመበት ቀን ዋዜማ የመጣው መልእክት ከሁሉም አጭር ነበር። «ዛሬ ገበያው ጭር ብሏል። እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ።» ባልደረባዬ መልሳ ከፈተችው። ሁለተኛ ጊዜ ስንሰማው ከእሳቸው ድምፅ ኋላ ምንም ድምፅ እንደሌለ ልብ አልኩ፣ ዶሮ እንኳን አይጮህም። ኮምፒውተሬን ከፈትኩ።

ማታውን ናይሮቢ ላይ ዝናቡ ወረደ። የኅዳር ዝናብ ነው፤ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ጠዋት ስገባ ባልደረባዬ ጃኬቷን ሳታወልቅ ከራውተሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ከሣጥኑ መብራቶች አንዱ፣ ዋሻ የሚሉት ያ የተሸፈነ መንገድ መከፈቱን የሚያሳየው፣ ቀይ ሆኗል።

«ዋይፋዩ የለም» አለችኝ ገና በሩን ሳልዘጋ። «እማዬ ልካ ይሆናል፣ አልገባልኝም።»

«ባንድልሽስ? የስልክሽ ዳታ?»

«ማታቱ ታክሲው ውስጥ አለቀ። ስሞክር ስሞክር በላብኝ።»

«ስልክ ደውለሽላቸዋል?»

«አይጠራም። ከዚህ ሲደወል ድሮም አይጠራም እኮ።»

ስልኬን አውጥቼ ዘረጋሁላት። «እንኪ፣ በእኔ ባንድል ክፈቺው።»

አልተቀበለችኝም። እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። «ይቅር፣ አሁን ይመጣል። ዝናቡ ነው። ጠፋ እንጂ አልተዘጋም አይደል?»

በመጀመሪያ ተናደድኩ። የሚፈለገው ነገር እጄ ላይ እያለ ሣጥን ቆሞ መጠበቅ ምን የሚሉት ነው አልኩ በሆዴ። ቆይቶ ነው የገባኝ። በእኔ ስልክ ከፍታ መልእክቱ ከሌለ፣ የለም ማለት ነው። ቀዩ መብራት እስካለ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ነው። ይህ ሲገባኝ ንዴቴ ወጣልኝ፣ በቦታው ግን ደስ የማይል ነገር ገባ። ቶሎ እንድጠግነው እየፈለግኩ ባልጠግነው ይሻላል የሚል ነገር ደግሞ ይነዘንዘኝ ጀመር።

አለቃችን ከውስጥ ወጡ። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ በወጣትነታቸው መምህር የነበሩ፣ ሁልጊዜ ከሁላችን ቀድመው የሚገቡ ሰው ናቸው። «ኢንጂነር! ጊጊሪ ከምሳ በፊት ሰው አላት። ይህ ነገር ቶሎ ይስተካከል፣ እባክህ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩና ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

የማውቀውን ሁሉ በተራ አደረግኩ። ነቅዬ ሰካሁ። ገመዱን ቀየርኩ። የኢንተርኔት አቅራቢውን መስመር ከሣጥኑ ላይ ነቅዬ በቀጥታ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፤ የአየር ሁኔታ ገጽ ወዲያው ተከፈተልኝ፣ ናይሮቢ፣ ዝናብ። መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ይህንኑ ስናገር ባልደረባዬ ከላይ «አየህ! ሣጥኑ ነው!» አለች፣ የምሥራች እንደነገርኳት ሁሉ።

እዚያው ላይ የዚያችን ከተማ ስም ጽፌ ዜና መፈለግ እችል ነበር። ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ነበር። አልጻፍኩም። እሷም ፈልግልኝ አላለችኝም፤ ሁለታችንም የአየሩን ገጽ ትንሽ አየነውና ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ጊጊሪ ደወልኩ። በእኛ በኩል ምንም ችግር የለም አሉኝ፣ እነሱ ጋ ችግር ኖሮ አያውቅም። የሣጥኑን ገጽ ስከፍት ዋሻው አልተከፈተም፣ የማለፊያው ፈቃድ አይሠራም የሚል ቀይ ጽሑፍ አገኘሁ። ፈቃዱ ሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጥ እንደ መታወቂያ ያለ ነገር ነው፤ ሣጥኑ ያንን ሲያሳያቸው ነው ወዲያ ማዶ ያሉት በሩን የሚከፍቱለት። ፈቃዱ በቅርብ የታደሰ ነው፣ ለምን እንደማይሠራ አልገባኝም። በቃኝ ብዬ መሃል ከተማ ለሚሠራው ፉንዲ፣ ለጥገና ሠራተኛው ደወልኩ።

ፉንዲው በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት መጣ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ። በእኔ ዕድሜ የሚገኝ፣ ሳይቸኩል የሚሠራ ኬንያዊ ነው። «ፖሌ፣ ፖሌ» እያለ ሁላችንንም ካጽናና በኋላ ሣጥኑን ገልብጦ አየው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ላፕቶፔ ላይ ተቀመጠ።

«ናኒ አሊጉሳ?» አለ። ማን ነካው ማለቱ ነው። እኔ ነኝ አልኩት፣ ሌላ ማን ይነካዋል።

ብዙ ቆየ። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር፤ ባልደረባዬ ወንበሯ ላይ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። የጆሮ ማዳመጫዋን ለሥራ አዘጋጅታ አንገቷ ላይ አድርጋዋለች። ከታች ምግብ ቤቱ ሽንኩርት ማቁላላት ጀምሯል። በሌላ ቀን ቢሆን ስለ ምሳ እናወራ ነበር።

በመጨረሻ ፉንዲው ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «ሰዓቱን አየኸው? ሣጥኑ ያለው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ማርች ላይ፣ በሦስተኛው ወር። ቤትሪ ኢሜኩፋ፣ ውስጥ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች። መብራት ሲሄድ ቀኑን ረስቶታል። ፈቃዱ የተሰጠው በቅርብ ነው፤ ሣጥኑ ደግሞ ሰባት ዓመት ወደኋላ ስላለ ገና ያልተሰጠ ፈቃድ ነው የሚያሳያቸው። አይቀበሉትም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ባትሪዋ ከሞተች ቀኑን ባስገባለትም አይይዘውም። ከሰሌዳው ጋር የተበየደች ናት፣ እኔ ልከፍተው አልችልም። ጊጊሪ ወስደው ይቀይሩላችሁ። ቀናት ይፈጃል።»

ጋሼ ራሳቸውን ያዙ። እኔ ግን ባልደረባዬን ነበር የማየው። ቀናት ሲል ስትሰማ ትከሻዋ ወረድ አለ፣ ከጠዋቱ ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ አወጣችው። «ምን ይደረግ» አለች፣ ስልኳንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያን ፊት ሳይ ፍርሃቴ ባሰ። ሰው ሊፈራው የሚችለውን ነገር አስቀድሞ ካላወቀው እንደዚያ አያርፍም።

እዚህ ላይ አርፌ መቀመጥ እችል ነበር። ሣጥኑ ተጠቅልሎ ጊጊሪ ይሄድ ነበር፣ ቀናቱም ያልፉ ነበር። ዓይኔ ግን ስክሪኑ ላይ ወደቀ። ሣጥኑ የሚያሳየው ወር ሦስተኛው ነው። ቀኑ አሥራ ሦስት። ጠዋት ከታች የምግብ ቤቱ ባለቤት ትናንት ሚካኤልን ሳልስም ቀረሁ ብላ ስታማርርብኝ ነበር። ኅዳር ሚካኤል አሥራ ሁለት ነው። ኅዳር ሦስተኛ ወራችን ነው። ዓመተ ምሕረቱን አየሁት፣ እሱም ልክ ነው። ሣጥኑ ምንም አልረሳም፤ በእኛ አቆጣጠር ቁጭ ብሏል።

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ይህን ነገር ነክተውታል?»

«መብራቱ ሲመጣ ገጹን ከፈትኩት፣ ቀኑን አረጋግጥ አለኝ» አሉ ጋሼ ኮስተር ብለው። «ቀን ጠየቀኝ፣ ቀን ሰጠሁት። ዛሬ ኅዳር አሥራ ሦስት አይደለም ልትለኝ ነው?»

ጋሼ ናይሮቢ ከገቡ ስንት ዘመናቸው፤ የፈረንጁን ቀን ግን እስከ ዛሬ እንደ ወሬ ነው የሚሰሙት። ለፉንዲው ነገርኩት። ትንሽ አፍጦ አየኝና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «እናንተ ጋ ኮሮና ገና አልመጣማ!» አለ። ጋሼም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ቢሮው ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። እየሳቅኩ ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብኩና ቀኑን አስተካክዬ መጻፍ ጀመርኩ።

«ቆይ» አለች ባልደረባዬ።

ሰምቻታለሁ። እጄ ግን ቀድሞኝ ነበር፣ የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፣ ጠፋ፣ አረንጓዴ ሆነ።

የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የጋሼ፣ የእኔ፣ የእሷም። የእሷ ቶሎ አላቆመም፤ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ደጋግሞ ጮኸ። «ይኸው!» አሉ ጋሼ። «የእማማ ወሬ ሳይበዛ አልቀረም!» ባልደረባዬ ዓይኗን ጨፍና «ተመስገን ጌታዬ» አለች። እኔም እውነት ለመናገር ከልቤ ተመስገን አልኩ። ፉንዲው ዕቃውን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ፣ ጋሼ ሊሸኙት አብረውት ወደ በሩ ሄዱ።

ዓይኗን ስትገልጥ መልእክቶቹን አልከፈተቻቸውም። ሳይከፈቱ ስክሪኑ ላይ እንደተደረደሩ አነበበቻቸው። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ሁሉም ከአንድ ሰው ነበር፣ አዲስ አበባ ካለው ወንድሟ።

«እማዬ አንቺ ጋ ልካለች?»

«ስልክም ኢንተርኔትም ተዘግቷል ይላሉ። እኔ ከትናንት ጀምሮ አላገኘኋትም።»

«ከዚያ የወጡ ሰዎች ደህና ነገር አያወሩም። አንቺ ጋ ግን ጠዋት ጠዋት ትልካለች ብዬ ነው።»

«መልእክቴ አልደርስ አለሽ። ቢሮሽ ኔትወርክ የለም መሰለኝ። እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

«እህቴ፣ እንደገባሽ መልሺልኝ። የቀረኝ ያንቺ ብቻ ነው።»

አንድ በአንድ አነበብኳቸው። እሷ ያንን ቀይ መብራት ተማምና እንዳረፈደች፣ እሱም የእሷን ቢሮ ቀይ መብራት ተማምኖ አርፍዷል። እኔ ደግሞ እየሳቅኩ ለሁለቱም አጠፋሁባቸው።

«መልሰህ አበላሸው» አለችኝ። ድምፅዋ ከሹክሹክታ አይበልጥም።

«ምኑን?»

«ሣጥኑን። ጋሼ እንዳደረጉት አድርገው። አልከፈትኩትም እኮ፤ እንዳላየሁት ነው። ትንሽ ይጠብቅ፣ ምን አለበት? እስከ ማታ ቢሆን።»

 ትርጉም እንደሌለው አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ የሣጥኑን የመብራት ገመድ ነቀልኩት። መብራቶቹ ሁሉ ጠፉ። ጋሼ ከበሩ ላይ ሆነው «ደግሞ ምን ሆነ?» አሉ።

ጊዜው ግን አልፏል። መልእክቶቹ ስልኳ ውስጥ ሲገቡ አዲስ አበባ፣ ወንድሟ ስልክ ላይ ከእያንዳንዱ ጎን ሁለተኛዋ ራይት ወጥታለች፤ ደርሷታል ማለት ነው። ስልኳ ጠራ። በዋይፋይ አይደለም፣ በተራው መስመር፣ ከአገር ቤት ቁጥር። ወንድሟ ነበር። ገመዱን እንደያዝኩ ከጠረጴዛው ሥር ቀና ብዬ አየኋት።

ጥሪው ሊያበቃ ሲል አነሳችው።

«አቤት» አለች። «አዎ፣ አሁን ነው የመጣልን። መብራት አልነበረም።»

ወዲያ ማዶ የሚለው አይሰማኝም፣ እየጮኸ እንደሚናገር ብቻ ይሰማኛል። እሷ መስኮቱን ታያለች። ፊቷ ላይ አንድም ነገር አይነበብም፤ በቪዲዮው ላይ የማያውቁት ሰው መከራውን ሲናገር ስትተረጉም የምትይዘው ፊት ነው።

«አዎ» አለች። «ልካለች። ዛሬ ጠዋት። ደህና ናት።»

ያን ጊዜ የወንድሟ ድምፅ እኔ ጋ ደረሰ። ትልቅ ሰው ነው፣ ልጆች አሉት፤ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ «ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እንነጋገራለን፣ ብላ ዘጋችው። ስልኩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችና ማዳመጫዋን ከአንገቷ አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ሰካው» አለችኝ። «ጊጊሪ እየጠበቀች ነው።»

ሰካሁት። ሣጥኑ ተነስቶ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያው እኔም እሷም አልተያየንም።